ሁለት ስም ያለው በር፤ ስለ ቤት ነጻነትና ስለ ከተማ ሥርዓት

ውብ ከተማ ማለት፥ ብዙ ሰዎች ሊያደርጉት ሲችሉ ያላደረጉት ነገር ተጠራቅሞ የሚታይበት ስፍራ ነው። አንዱ ከጎረቤቱ በላይ ፎቅ መሥራት ሲችል አልሠራም፤ ሁለተኛው መንገዱን ገፍቶ አጥሩን ማስፋት ሲችል አላሰፋም፤ ሦስተኛው መስኮቱን በሰው ግቢ ላይ መክፈት ሲችል አልከፈተም። ከሩቅ የመጣ መንገደኛ «እንዴት ያማረ አገር ነው» ብሎ ሲያደንቅ፥ የድንጋዩን አደራደርና የኖራውን ንጣት ብቻ ያደነቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ሳያውቀው የሚያደንቀው የእነዚህን ሁሉ ሰዎች ልክ ዐዋቂነት ነው። ድንጋይማ በየተራራው ሞልቶ የለምን? ድንጋዩን መልክ የሰጠው የሰው ትዕግሥት ነው።

ይሁን እንጂ ትዕግሥት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፥ ሰው ከጎረቤቱ ጋራ ለመኖር ሲል በራሱ ፈቃድ የሚሸከመው ነው። ሁለተኛው፥ ሌላው አስቦ፥ ሌላው ጽፎ፥ ሌላው ተደስቶበት፥ እርሱ ብቻ የሚሸከመው ነው። የፊተኛው ሥርዓት ይባላል፤ የኋለኛው ቀንበር ይባላል። ሁለቱም ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ በሁለቱም ዘንድ ግንቡ አይፈርስም፥ መንገዱ አይጣበብም፥ ቤቱ መልኩን አይለውጥም። ልዩነታቸው የሚታወቀው ወደ ቤቱ ውስጥ ሲገባ ነው። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፥ በአንዲት የተመሰገነች ከተማ የፊተኛው ትዕግሥት ወደ ኋለኛው እንዴት ሊለወጥ እንደሚችልና፥ እንዳይለወጥ ምን ማድረግ እንደሚገባ ነው።

ከተማይቱም ሐረር ናት። የጁገል ግንብ በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን እንደ ተሠራ በታሪክ ይነገራል። ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል፥ ቁመቱ አራት ሜትር ያህል ሲሆን፥ በውስጡ የታቀፈው መሬት 48 ሄክታር ነው። በዚህች ጠባብ ስፍራ 82 መስጊዶችና 102 የቅዱሳን መቃብሮችና መዘከሪያዎች ተቈጥረዋል፤ ከመስጊዶቹም ሦስቱ ከ10ኛው መቶ ዓመት የቈዩ ናቸው ይባላል። የጥንት በሮቹ አምስት ናቸው፤ ስድስተኛው ለተሽከርካሪ እንዲመች በኋላ ዘመን የተከፈተው ሐረር በር ነው። ከአምስቱ አንዱ፥ በምዕራብ በኩል ያለው፥ ሸዋ በር ይባላል።

ሸዋ በር ብለን የምንጠራው ግን እኛ ነን። የከተማይቱ ተወላጆች በቋንቋቸው አስማዲን በሪ ይሉታል። ሌሎቹም በሮች እንደዚሁ ሁለት ሁለት ስም አላቸው፤ አሱም በሪ የሚባለው ፋላና በር፥ አርጎብ በሪ የሚባለው ኤረር በር፥ ሱቁጣት በሪ የሚባለው ሰንጋ በር፥ ባድሮ በሪ የሚባለው ቡዳ በር ነው። ሸዋ በር የሚለው ስም በሩ የሚያወጣበትን መንገድ ይናገራል፤ ይህ የመንገደኛ ስም ነው። አስማዲን በሪ የሚለው ግን የቤተኛ ስም ነው። በሩ አንድ ነው፤ የሚጠራው ሰው የቆመበት ስፍራ ግን ሁለት ነው። አንባቢ ይህን ነገር በልቡ ያኑር፤ ስለ ቤትና ስለ ሕግ የምንለው ሁሉ ወደዚሁ ይመለሳልና።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። የሐረሪ ቤት ለጎዳና ፊቱን አያሳይም፤ ወደ መንገድ ያለው ግንብና የግቢ በር ብቻ ነው። የቤቱ ጌጥ ሁሉ ወደ ውስጥ ነው። ዋናው ክፍል ነደባ በሚባል መደብ የተደለደለ ሲሆን፥ መደቡ አምስት ነው፤ ከፍታውም ስፍራውም እንደ ተቀማጩ ማዕርግ ይለያያል። አሚር ነደባ የሚባለው ለቤቱ አባወራና ለሚከበር ሰው ነው። ለሽማግሌ፥ ለሴቶች፥ ለልጆች፥ ከበሩ ጀርባ ለሚቀመጠውም፥ ለእያንዳንዱ ስፍራው የታወቀ ነው። አዲስ ሙሽሮች የሚቀመጡባት ኪርታት የምትባል ክፍልም አለች። ግድግዳው በተቦረቦሩ የዕቃ ማስቀመጫዎችና በሴቶች እጅ በተሠሩ ስፌቶች ያጌጠ ነው። ማንም ሰው ወደዚህ ቤት ሲገባ የት እንደሚቀመጥ ሳይነገረው ያውቃል።

ይህ ጥብቅ ሥርዓት አይደለምን? እጅግ ጥብቅ ነው። ዛሬ ማንኛውም መሥሪያ ቤት ሰውን በገዛ ቤቱ ውስጥ የት እንደሚቀመጥ ልወስንልህ ቢለው ታላቅ ጩኸት በተነሣ ነበር። ነገር ግን ይህ ሥርዓት የተወለደው ከዚያው ቤት ስለ ሆነ፥ ልጁ ዛሬ በታችኛው መደብ ቢቀመጥ ነገ ወደ ላይኛው እንደሚወጣ ያውቃል። ሥርዓቱ ዕዳውን ብቻ ሳይሆን ተራውንም ይሰጠዋል። የአፎቻም ነገር እንዲሁ ነው። አፎቻ በሐረሪዎች ዘንድ ሰርግንና ልቅሶን በአንድነት ለመወጣት የተቋቋመ ማኅበር ነው፤ በሌላው አገር ከምናውቀው እድር ጋራ ይመሳሰላል። አባል የሆነ ሰው ጊዜውንና ገንዘቡን ይሰጣል፤ «ዛሬ አልተመቸኝም» ብሎ ከልቅሶ መቅረት አይገባውም። ግን ይህን ሁሉ የሚሸከመው፥ የእርሱም ቀን በደረሰ ጊዜ ብቻውን እንደማይቀር ስለሚያውቅ ነው።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። የሥርዓት ጥብቅነት ብቻውን ሰውን አያስመርርም። ሰውን የሚያስመርረው የማይመለስ ብድር ነው። የሚሰጠውና የሚቀበለው አንድ ሰው ሲሆን፥ ሸክሙ ከባድም ቢሆን ይወሰዳል፤ አንዱ ሁልጊዜ ሰጪ፥ ሌላው ሁልጊዜ ተቀባይ ሲሆን ግን፥ ቀላሉም ሸክም ያስጎነብሳል።

ታዲያ ያ አሮጌ ሥርዓት ምን ገጠመው? ከተማይቱ በ1868 ዓ.ም. በግብጾች እጅ ወደቀች፤ እነርሱም በ1877 ዓ.ም. ለቀው ሄዱ። በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ በንጉሥ ምኒልክ ግዛት ውስጥ ገባች፤ ራስ መኰንንም ገዥዋ ሆኑ። ከዚያም ወዲህ የሕንድ ነጋዴዎች በብዛት መጥተው ፎቅና የእንጨት ሰገነት ያለው ቤት ሠሩ። እነዚህ ቤቶች ፊታቸውን ወደ ጎዳና የመለሱ፥ መስኮታቸውን የከፈቱ ናቸው። በአሮጌው ሥርዓት ዓይን ሲታዩ ደንብ የጣሱ እንግዶች ነበሩ። ዛሬ ግን ጎብኚዎች «የራምቦ ቤት» እያሉ የሚያደንቁት ባለ ፎቅ ቤት ከዚሁ ወገን ነው፤ ሊቃውንትም የጁገልን ቤቶች ሲመድቡ የሐረሪን ቤት፥ የሕንድን ቤት፥ ከሁለቱም የተዳቀለውን ቤት ብለው ሦስቱንም እንደ ቅርስ ይቈጥራሉ። አንባቢ ሆይ፥ እንግዲህ ልብ በል፤ የትላንትናው ደንብ ጣሽ የዛሬው የተከበረ ቅርስ ሆኗል። በዚያን ጊዜ አንድ ጥብቅ መሥሪያ ቤት ቢኖርና ሕንዶቹን «ከልክ አትለፉ» ብሎ ቢከለክላቸው ኖሮ፥ ዛሬ የምንጠብቀው አንዱ ውበት ባልተወለደ ነበር።

ከሁሉ የበለጠውን ለውጥ ያመጣው ግን የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ነው። በዚያ ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። በጁገል ውስጥም ብዙ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ለአንድ ቤተ ሰብ የተሠራው ቤት ለብዙዎች ተከፋፈለ፤ በነደባው መካከል መጋረጃና ግድግዳ ቆመ። ተከራዩ «የእኔ አይደለምና አላድሰውም» ይላል፤ ቀበሌው «ኪራዩ ትንሽ ነውና አልችልም» ይላል። በእንደዚህ ያለ ቤት ነጻነትም ሥርዓትም አብረው ይሞታሉ፤ ባለቤት የሌለው ነጻነት ግዴለሽነት ነውና፥ ባለቤት የሌለው ሥርዓትም ባዶ ቃል ነውና።

በ1992 ዓ.ም. ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ወጣ። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ዩኔስኮ ጁገልን በዓለም ቅርስ መዝገብ ጻፈው። ሁለቱም መልካም ነገሮች ናቸው፤ በተለይም መዝገቡ ለሐረር ክብር ነው፥ ለኢትዮጵያም ክብር ነው። ነገር ግን መልካም ነገር አይመረመርም ማለት ተገቢ አይደለም። አዋጁ የቅርስ ባለቤት የሆነ ሰው በራሱ ወጪ ቅርሱን የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት፥ ያለ ፈቃድም የጥገና ሥራ መሥራት እንደማይገባው ደነገገ። ወጪው ከባለቤቱ ዐቅም በላይ ሲሆን ግን፥ መንግሥት ከወጪው ከፊሉን ሊረዳ እንደሚችል ተናገረ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ለባለቤቱ የተነገረው ቃል «አለበት» ነው፤ ለመንግሥት የተነገረው ቃል «ይችላል» ነው። በእነዚህ በሁለት ትንንሽ ቃላት መካከል ያለው ርቀት ከጁገል ግንብ ይልቅ ረጅም ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ባሏ የሞተባት አንዲት እናት በጁገል ውስጥ አሮጌ ቤት አለቻት እንበል። ጣራው በወፍራም እንጨት ላይ አፈር ተደልድሎ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለ ጣራ ክረምት ሳይገባ በየዓመቱ መጠገንን ይፈልጋል፤ እንጨቱ ውድ ነው፥ ሥራውን የሚያውቅ ባለሞያም ጥቂት ነው። ጣራው ማፍሰስ ሲጀምር ቆርቆሮ ልታለብሰው ታስባለች። ሠራተኛው ይመጣና «እናቴ፥ ይህ ቤት ቅርስ ነው፤ ቆርቆሮ ማልበስ አይፈቀድም» ይላታል። እርስዋም «ልጄ፥ እንግዲያው ዝናቡንም አይፈቀድልህም በልልኝ» ብትለው ምን ይመልስላታል? ሠራተኛው ሥራውን ሠራ እንጂ አልበደለም። ሴቲቱም ከዝናብ ልዳን አለች እንጂ ቅርስ ላፍርስ አላለችም። ሁለቱም እውነት ይዘው ሳለ፥ ቤቱ በሁለት እውነት መካከል ይፈርሳል።

በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፥ ዛሬ በጁገል ብዙ ቤት ቆርቆሮ ለብሶ፥ አንዳንዱም ሲሚንቶ ተለስኖ የሚታየው። ሲሚንቶ በአሮጌ የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ላይ ሲለሰን እርጥበቱን አፍኖ እንደሚያስቀርና ግድግዳውን ከውስጥ እንደሚጎዳ ባለሞያዎች ያስተምራሉ። ኖራ ግን ግድግዳውን ያስተነፍሰዋል። ስለዚህ ሕጉ ኖራን ወዶ ሲሚንቶን መጥላቱ ያለ ምክንያት አይደለም። የሕጉ ጉድለት «አይሆንም» ማለቱ ሳይሆን፥ «እንግዲያስ ይህን አድርጊ፥ እነሆም ዋጋው» አለማለቱ ነው። ክልከላ ብቻውን የሰነፍ ሥራ ነው፤ መከልከል ብዕርና ማኅተም ይበቃዋል፥ መርዳት ግን ገንዘብና ላብ ይጠይቃል።

ይህን ስል ጥፋቱ ሁሉ የሕግ ነው ማለቴ አይደለም። በሌላው ወገን ያለውንም እንመርምር። ገንዘብ ያገኘ ሰው «ቤቱ የእኔ፥ ገንዘቡ የእኔ፥ ማን አገባው» ብሎ በጠባቡ መንገድ ላይ የብሎኬት ፎቅ ይሠራል እንበል። ፎቁ ሲያልቅ ከላይ ሆኖ የዐሥር ሰዎችን ግቢ ያያል። የሐረር ቤቶች ፊታቸውን ከጎዳና የመለሱት ሴቶችና ልጆች በገዛ ግቢያቸው ያለ እፍረት እንዲኖሩ ነበር። ያ ሰው አንድ መስኮት በመክፈቱ ዐሥር ግቢዎችን ዘጋ። የእርሱ ነጻነት በዐሥር ሰዎች ነጻነት ተገዛ። እንዲህ ያለውን ነገር ነጻነት ብለን ከጠራነው፥ ጕልበትን በምን ስም እንጠራዋለን? አባቶቻችን «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል» ይሉ የነበረው፥ ሕግ ለደካማው ጉልበት እንዲሆነው ብለው ነው። ሕግ ከጠፋ ባለ ገንዘቡ ይሠራል፤ ድኻው ግን ፀሐዩን እንኳ ያጣል።

አንዳንድ ሰው ደግሞ «ሕጉ ይጥበቅ፥ ይበልጥም ይጥበቅ፤ ከተማዋ እንደ ዕቃ ቤት ትቈለፍ» ይላል። ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ በከተማዋ የማይኖሩ ሰዎች ናቸው። መንገደኛ ከተማን እንደ ሥዕል ያያል፤ ሥዕልም አይራብም፥ አይታመምም፥ ልጅ አይድርም። በ1847 ዓ.ም. ወደ ሐረር የገባው እንግሊዛዊ ሪቻርድ በርተን ዐሥር ቀን ያህል ተቀምጦ፥ መንገዶቿን ጠባብና ቆሻሻ ብሎ በመጽሐፉ ነቀፋት። የዛሬው መንገደኛ ያንኑ ጠባብ መንገድ ፎቶግራፍ እያነሣ ያመሰግናታል። ነቃፊውም አመስጋኙም ጥቂት ቀን አይተው ሄዱ፤ በዚያው መንገድ ውኃ ተሸክማ የምታልፈውን ሴት ግን አልጠየቋትም። የአድናቆት ቀንበር ከንቀት ቀንበር የሚለየው በቀለሙ ብቻ እንዳይሆን ያስፈራል።

በጣም የተወደደ ከተማ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ወደ ውጭ እንመልከት። የጣሊያን ከተማ ቬኒስ በዓለም ላይ ከሁሉ ይልቅ ከሚደነቁት አንዷ ናት። በውኃ መካከል ባለው በአሮጌው ክፍሏ እ.ኤ.አ. በ1951 175,000 ያህል ሰዎች ይኖሩ ነበር፤ በ2022 ግን ከ50,000 በታች ሆኑ። በ2024 ከተማዋ በተመረጡ ቀናት ለውሎ ገባ ጎብኚዎች የ5 ዩሮ መግቢያ ማስከፈል ጀመረች። ግንቡ አለ፥ ድልድዩ አለ፥ መስተዋቱ አለ፤ ጎረቤት ግን ሄደ። በአገራችንም በላሊበላ፥ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖሩ የነበሩ ቤተ ሰቦች ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። ዓለቱን ለመጠበቅ ምክንያት ነበረው፤ ነገር ግን ጁገል ዓለት አይደለም። ጁገልን ጁገል ያደረገው የሚኖርበት ሕዝብ ነው፤ በመኪና ግርግር መንገድ የልብስ መስፊያው ድምፅ ዝም ያለ ቀን፥ ግንቡ ሳይፈርስ ከተማው ይፈርሳል።

ሌላ ምሳሌ ከጀርመን አገር ልጨምር። የድሬስደን ከተማ የኤልበ ወንዝ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ2004 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። የከተማው ሕዝብ ግን መሻገሪያ ድልድይ ያስፈልገዋልና፥ በ2005 በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ አብዛኛው ድምፅ ሰጪ «ድልድዩ ይሠራ» አለ። ዩኔስኮ መልከዓ ምድሩ ይበላሻል ብሎ ተቃወመ፤ በ2009 ሸለቆውን ከመዝገብ ሰረዘው፤ ድልድዩም በ2013 ተከፈተ። ማን ልክ ነበር ብሎ መፍረድ የእኛ ጉዳይ አይደለም። ትምህርቱ ሌላ ነው። የድሬስደን ሰዎች ተጠይቀው ወሰኑ፤ የውሳኔያቸውንም ዋጋ ራሳቸው ከፈሉ። ነጻነት ማለት ይህ ነው፤ ያለ ዋጋ የሚገኝ ሳይሆን፥ ዋጋው በግልጽ ተነግሮ በፈቃድ የሚከፈል ነው።

በእኛም አገር ስለ ከተማ ውበት ብዙ የሚነገርበት ዘመን ደርሷል። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት የተባለው ሥራ ተጀመረ፤ ከአሮጌው ፒያሳም ብዙው ክፍል ፈረሰ። ሥራው ወደ ሌሎች ከተሞች፥ ወደ ሐረርም ተሸጋገረ። የተጠረገ መንገድ፥ የበራ መብራት፥ ለእግረኛ የተለቀቀ ስፍራ መልካም ነው፤ ይህን የሚነቅፍ ሰው ጨለማንና ጭቃን የወደደ ይሆናል። ነገር ግን ውበት ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ፈጣን ነው፤ ፈጣን ነገር ደግሞ ለመጠየቅ ጊዜ የለውም። የሐረር ውበት በተቃራኒው እጅግ ዝግተኛ ነበር፤ ግድግዳን ኖራ መቀባት የባለቤት ሥራ ነበር፥ ቀለሙም የየቤቱ ምርጫ ነበር። አንዱ ነጭ፥ አንዱ አረንጓዴ፥ አንዱ ሰማያዊ ሲቀባ፥ ሁሉም በአንድ ድንጋይና በአንድ ቁመት ላይ ስለ ሆነ ልዩነቱ ያስጌጣል እንጂ አይረብሽም። ሁሉን አንድ ቀለም ልቀባ የሚል ሥርዓት ይህን አላስተዋለም። «ሲያጌጡ ይመላለጡ» የሚባለውም ተረት እንዲህ ላለው ነገር የተነገረ ይመስላል።

እንግዲህ ሚዛኑ ምንድር ነው? ሚዛኑን ሩቅ ሳንሄድ ከግንቡ ከራሱ እንውሰድ። በጁገል ግንብ ሥር ወራባ ኑዱል የሚባሉ ቀዳዳዎች አሉ፤ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው። በአሚሮቹ ዘመን በሮቹ ማታ ማታ ይዘጉ ነበር፤ ጅቡ ግን በቀዳዳው ገብቶ በየመንገዱ የተጣለውን እየበላ ከተማዋን ያጸዳ ነበር። ግንቡን ያሠሩ ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። ፍጹም የተዘጋ ግንብ ከተማን ከጠላት እንደሚያድናት፥ ከገዛ ቆሻሻዋ ግን እንደማያድናት ያወቁ ይመስላል። ሕግም እንደዚሁ በር ብቻ ሳይሆን ቀዳዳም ያስፈልገዋል፤ ቀዳዳው ግን በልኩ፥ በስፍራው፥ በዕውቀት የተበጀ ይሁን። ቀዳዳ የሌለው ሕግ በሌሊት ይሸረሸራል፤ ሰው በቀን ፈቃድ ሲያጣ በሌሊት ይሠራልና።

ስለዚህ ሦስት ነገር ለይተን ብንናገር የሚሻል ይመስለኛል። መጀመሪያ፥ የሁሉ የሆነውና የባለቤቱ የሆነው ይለይ። ግንቡ፥ መንገዱ፥ የቤቱ ቁመት፥ ወደ ጎዳና ያለው ድንጋይ የሁሉ ነው፤ በዚህ ላይ ሕግ ይጥበቅ፥ ለባለ ገንዘብም አይላላ። የውኃ መስመር፥ ማድ ቤት፥ መጸዳጃ፥ የበሽተኛ አልጋ የሚገባበት ስፍራ ግን የባለቤቱ ነው፤ በዚህ ላይ ሕግ ይመክር እንጂ አይዘዝ። ነደባውን ጠብቆ ቧንቧ ማስገባት የሚችል ዐዋቂ ከተገኘ፥ ሕጉ ይህን ዐዋቂ ይላክ።

ሁለተኛ፥ የሚጠቀም ሁሉ ይክፈል። ሆቴሉ ከጁገል መልክ ይጠቀማል፤ አስጎብኚው ይጠቀማል፤ መንግሥት ይጠቀማል፤ ዓለምም ስሙን በመዝገብ ጽፎ ይኮራል። ጣራውን የምትጠግነው ግን ያች ሴት ብቻ ናት። አፎቻ ይህን ነገር ከብዙ ዘመን ጀምሮ ፈትቶታል፤ የአንዱ ልቅሶ የሁሉ ልቅሶ ነው። የቤት ጣራ ማፍሰስም በቅርስ ከተማ ውስጥ የሁሉ ልቅሶ መሆን ይገባዋል። «ይችላል» የሚለው ቃል «አለበት» ወደ መሆን ካልተቃረበ፥ «አለበት» የተባለው ሰው ቀስ በቀስ ወደ «አልቻልኩም» ይሄዳል።

ሦስተኛ፥ የሚኖርበት ሰው ይጠየቅ። የሕንዶቹ ቤት እንዳስተማረን፥ ዛሬ እንግዳ የሚመስለው ነገር ነገ ቤተኛ ሊሆን ይችላል። የትኛው እንግዳ ቤተኛ እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ ባለሥልጣን የለም፤ ጎረቤት ግን ቢያንስ የትኛው እንደሚያውከው ያውቃል። ስለዚህ አዲስ ነገር ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «በመጽሐፉ ተጽፏልን?» ብቻ ሳይሆን፥ «የጎረቤቱን ብርሃን፥ አየርና ገመና ይነካልን?» የሚል ይሁን። አባቶች ጁገልን ሲሠሩ ይህን ጥያቄ ይጠይቁ እንደ ነበረ የቤታቸው አሠራር ይመሰክራል።

ይህ ሁሉ ቢደረግ ችግር ይጠፋል አልልም። ነጻነትና ሥርዓት እንደ ባልና ሚስት ናቸው፤ አንድ ቀን ተስማምተው ለዘለዓለም አይጨርሱም፥ በየማለዳው ሊታረቁ ይገባል። ነገር ግን እርቅ የሚሆነው ሁለቱም በአንድ ቤት ሲኖሩ ነው። ሕግ አውጪው ከውጭ ቆሞ «ቅርስ» ሲል፥ ባለቤቱ ከውስጥ ሆኖ «ቤቴ» ይላል፤ ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ግድግዳ ነው። ሸዋ በር የሚለው ሰው አስማዲን በሪ የሚለውን አልዋሸህም ይበለው፤ አስማዲን በሪ የሚለውም ሸዋ በር የሚለውን እንግዳ ብሎ አያባርረው። ሁለቱም ስም ሲጠራ በሩ ሁለት አይሆንም። አንደኛውን ስም ብቻ ያስቀረን ቀን ግን፥ ወይ የሚገባበት ሰው ይጠፋል፥ ወይ የሚኖርበት ሰው ይጠፋል፤ ያን ጊዜም የሚቀረው በር ሳይሆን በድንጋይ መካከል ያለ ባዶ ስፍራ ብቻ ይሆናል።